ቀለህና ከርከሮ፤ ዳግም ስለሚሞላው የውጅግራ ጥይት

ስለ ጠመንጃ በኢትዮጵያ የተጻፈው ታሪክ አብዛኛው የነገሥታትና የጦርነት ታሪክ ነው። በየትኛው ዘመን ስንት ሺሕ ነፍጥ በየትኛው ወደብ እንደ ገባ፣ ማን ለማን እንደ ሸጠ፣ በየትኛው ውጊያ ማን ማንን እንደ ማረከ በሰፊው ተመርምሯል። ጠመንጃው ግን ዘመቻው ሲያበቃ ከባለቤቱ ጋራ ወደ አገሩ እየተመለሰ በቤቱ ምሰሶ ላይ ይሰቀል ነበር፤ በዚያም ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቀው ጠላት ሌላ ነበር። ይኸውም በበቆሎና በማሽላ፣ በድንችና በጎደሬ ማሳ ላይ በሌሊት የሚወርደው የዱር አሳማ፣ በቀንም በፊት ጕልበቱ ተንበርክኮ ሣር የሚግጠውና ሥር የሚቈፍረው ከርከሮ ነው። በዚህ ጠላት ላይ የሚተኰሰው ጥይት ከየት ይገኝ ነበር? ዋጋውስ በምን ይመለስ ነበር? ለነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚገኘው ከጠመንጃው ይልቅ ከተኰሰ በኋላ መሬት ላይ ከሚወድቀው ባዶ ናስ፣ ቀለህ ከሚባለው ነው።

የዚህ ቀለህ ታሪክ የሚጀምረው ቀለህ ካልነበረው ጠመንጃ ነው። ፈረንሳዮች እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1866 ዓ.ም. ለሠራዊታቸው ያስታጠቁት ሻስፖ የተባለው ጠመንጃ ጥይቱ በወረቀት የተጠቀለለ ነበር፤ ሲተኰስም ወረቀቱ ከባሩዱ ጋራ ተቃጥሎ ይጠፋል፤ ተመልሶ የሚለቀም ነገር አይተርፍም። በ1874 ዓ.ም. ባዚል ግራ የተባለው መኰንን ይህን ጠመንጃ የናስ ቀለህ ያለው ጥይት እንዲጐርስ አድርጎ አሻሻለው፤ ጠመንጃውም በስሙ ተጠራ። ፈረንሳዮች ጠመንጃውን ፉዚ ግራ ሲሉት ቃሉ በአማርኛ አፍ ውጅግራ ኾኖ ቀረ፤ የእንግሊዙ ስናይደርም በዚሁ መንገድ ሰናድር እንደ ተባለ የታወቀ ነው። የውጅግራ ጥይት የአፉ ስፋት 11 ሚሊ ሜትር፣ የቀለሁ ርዝመት 59 ሚሊ ሜትር ነበር። በውስጡም 5 ግራም ከሩብ ጥቍር ባሩድና በወረቀት የተጠቀለለ 25 ግራም እርሳስ ይይዛል፤ ከአፈሙዝ ሲወጣም በሰኮንድ ወደ 450 ሜትር ይበር ነበር።

ይህ ጠመንጃ በአገሩ የቆየው ጥቂት ዓመት ብቻ ነው። በ1884 ዓ.ም. ፖል ቪየይ የተባለው ፈረንሳዊ ጢስ የሌለውን ባሩድ አገኘ፤ ከኹለት ዓመት በኋላም በዚህ ባሩድ የሚተኵሰው የ8 ሚሊ ሜትሩ ለበል ወጣ። ያን ጊዜ ውጅግራ በፈረንሳይ መጋዘን ሥራ ፈት ኾነ፤ ሥራ የፈታ ዕቃም ገበያ ይፈልጋል። ገበያው በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ተገኘ፤ ከዚያም በግመልና በበቅሎ ወደ መኻል አገር ወጣ። ከዚያ በፊት በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ከግብጾች የተማረከው ሬሚንግተን በሰሜኑ ክፍል በብዛት ይገኝ ነበር። በዐድዋ ጊዜ የሠራዊቱ ነፍጥ ልዩ ልዩ ዓይነት የኾነውም ከዚህ የተነሣ ነው። በግሪክ አገርም እንዲሁ ይኸው ጠመንጃ ከሠራዊቱ እጅ ወደ ተራራው ሕዝብ ገብቶ ግራስ በሚባል ስም ለብዙ ዘመን ቆይቷል፤ ስለዚህ ነገሩ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም።

ከነዚህ ኹሉ መካከል ውጅግራ በባላገሩ እጅ እጅግ ለረጅም ጊዜ የጸናው ለምንድን ነው? ከለበል አይበልጥም፤ አንድ በአንድ ይጐርሳል፤ ጢሱም ተኳሹን ያጋልጣል። ምክንያቱ ጥይቱ አንድ ጊዜ ተተኵሶ የሚያልቅ ባለመኾኑ ነው። አንድ ሰው ቀለሁን ለቅሞ፣ በአገሩ ባሩድና በአገሩ ሰም፣ በእጁም በቀለጠ እርሳስ ዳግም ሊሞላው ይችል ነበር። ከአራቱ የጥይት ክፍሎች፣ ማለት ከቀለህ፣ ከካፕሱል፣ ከባሩድና ከእርሳስ፣ ባሕር ተሻግሮ ካልመጣ በምንም የማይተካው አንዱ ብቻ ነበር።

የአሞላሉም ሥርዐት የሚከተለው ነው። ጥቍር ባሩድ ሲነድ ግማሹ ያህል ዝቃጭ ኾኖ ይቀራል፤ ይህም ዝቃጭ ርጥበት ሲያገኝ ናሱን ስለሚበላ ቀለሁ በዚያው ቀን በሙቅ ውሃ ታጥቦ መድረቅ አለበት። ሳይታጠብ የሰነበተ ቀለህ አንገቱ አረንጓዴ ያወጣል፤ በሚቀጥለውም ጊዜ ይሰነጠቃል። ናስ ሲተኰስ ደግሞ በባሩዱ ኀይል ተለጥጦ የጠመንጃውን ጕሮሮ ልክ ይይዛል። ስለዚህ በአንዱ ውጅግራ የተተኰሰ ቀለህ ወደዚያው ጠመንጃ ሲመለስ በቀላሉ ይገባል፤ ወደ ሌላው ሲገባ ግን ይጨናነቃል። የሰውን ቀለህ ከራሱ ጋራ የቀላቀለ ባለጠመንጃ አሳማው በፊቱ ቆሞ ሳለ የጠመንጃው መዝጊያ እንቢ ይለዋል።

አስቸጋሪው ክፍል በቀለሁ ቂጥ ላይ የምትቀመጠው ትንሿ የእሳት ቆብ፣ ካፕሱል የምትባለው ናት። እንደ ብዙዎቹ የአውሮፓ ቀለሆች በውጅግራም ካፕሱሏ የምትመታበት ጕብታ ከቀለሁ ጋራ አንድ ኾኖ የተሠራ ነው፤ እሳቱም በጕብታው ጐን ባሉ ትንንሽ ቀዳዳዎች ወደ ባሩዱ ይገባል። ስለዚህ የተተኰሰችውን ካፕሱል ከውስጥ በሽቦ ገፍቶ ማውጣት አይቻልም። ወይ በሾለ ብረት ከውጭ ቈንጥጦ ማንሣት፣ ወይ ቀለሁን ውሃ ሞልቶ በልኩ የተቈረጠ እንጨት በአፉ አስገብቶ መምታትና በውሃው ግፊት ማስፈንጠር ያስፈልጋል። አዲስ ካፕሱል በገበያ ከተገኘ መልካም ነው፤ ካልተገኘ ግን በዓለም ዙሪያ እንዲህ ያለ ችግር የገጠማቸው ሰዎች እንዳደረጉት፣ አሮጌዋን አቅንቶ የክብሪት ራስ ፍቅፋቂ መሙላት ይቀራል። በክብሪት የተሞላች ካፕሱል አንዳንድ ጊዜ ትዘገያለች፣ አንዳንድ ጊዜም ጨርሳ ትከሽፋለች። የዚያ ዘመን የፋብሪካ ካፕሱልም ቢኾን የሜርኩሪ ቅመም ስለ ነበረባት ከብዙ ተኵስ በኋላ ናሱን ታሰባብረው ነበር። የጥቍር ባሩድ ዝቃጭ ሜርኩሪውን በከፊል ስለሚይዝ ጢስ በሌለው ባሩድ ከሚተኰሰው ቀለህ ይልቅ የውጅግራው ረዥም ዕድሜ ነበረው።

ባሩዱ የአገር ሥራ ነበር። ከመቶ እጅ 75 ያህሉ የባሩድ ጨው፣ 15ቱ ከሰል፣ 10ሩ ድኝ ነው፤ ድኙም በአገሩ ከቈላው ምድር ይገኛል። የባሩድ ጥሩነት ግን በመጠኑ ብቻ አይለካም። ሦስቱ ረጥበው አብረው ካልተወቀጡ፣ ሊጡ በወንፊት ተነፍቶ ፍሬ ፍሬ ካልኾነና በጥላ ካልደረቀ፣ ዱቄት ኾኖ የቀረው ባሩድ አንዱ ቀን በርትቶ፣ ሌላው ቀን ደክሞ ይነዳል። በክረምት ደግሞ ርጥበት ይስባል። የእጅ ባሩድ ከፋብሪካው የሚያንሰው በዚህ ነው።

ኾኖም ጥቍር ባሩድ አንድ ትልቅ ጠባይ አለው፤ ሚዛን ለሌለው ሰው ይራራል። ቀለሁ ራሱ መስፈሪያው ነው። ባሩዱን እስከ አንገቱ ሞልቶ፣ ጠቅጥቆ፣ በባሩዱና በእርሳሱ መካከል ባዶ ቦታ ሳይተው እርሳሱን ቢያስቀምጥ፣ ጠመንጃው ከተሠራለት መጠን አያልፍም። ከእርሳሱ በታች ከሰምና ከሞራ የተሠራች ቍራጭ ትገባለች፤ እርሷም በርሜሉን ታለሰልሳለች፣ ዝቃጩንም ታረጥባለች። ሰምና ሞራ ከኢትዮጵያ ገበያ የማይጠፉ ነገሮች ስለ ኾኑ በዚህ በኩል ችግር አልነበረም። እርሳሱን በጥንቃቄ የጠቀለለው ወረቀት ግን በየቤቱ የሚገኝ አልነበረም። ያለ ወረቀት የተተኰሰ ልስልስ እርሳስ በበርሜሉ ጥርስ ላይ ተልጦ ይቀራል፤ ከጥቂት ተኵስ በኋላም ጠመንጃው ያነጣጠሩበትን መምታት ያቆማል።

እርሳስ ማቅለጥና ቅርጽ ማውጣት፣ ካፕሱል ማንሣትና የቀለሁን አንገት ማጥበብ የእሳትና የብረት ሥራ እንደ መኾኑ የባለ እጅ ሥራ ነበር። ይህ በብዙ አገር የተናቀ ሰው፣ ቡዳ እየተባለ የሚሸሸው፣ የባለጠመንጃውን ኵራት በእጁ የያዘ ነበር ማለት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው የታወቀ ነው፤ ከአዋጁ በስተጀርባ ካለው ምክንያት አንዱ ነፍጥ ያለ ባለ እጅ የማይኖር መኾኑን ማወቃቸው ሳይኾን አይቀርም።

የጥይት ነገር ከገበያም ነገር የተለየ አልነበረም። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ የውጅግራ ጥይት እንደ አሞሌ ጨው በገበያ የሚሰጥና የሚቀበሉት የዝርዝር ገንዘብ ነበር፤ ጠገራ ብር ለማይመነዘርለት ትንሽ ዕቃ ጥይት ይከፈል ነበር። የራሳቸው የምኒልክ ብር ከታተመ በኋላም ይህ ልማድ ወዲያው አልቀረም። ከክብደት አንጻር ሲታይ ነገሩ ያስገርማል፤ ጠገራ ብር 28 ግራም ሲመዝን አንድ የውጅግራ ጥይት ወደ 44 ግራም ይመዝናል። እንግዲህ አሳማ ላይ የተኰሰ ሰው ገንዘቡን ወደ ጫካ የወረወረ ሰው ነበር። ገንዘብ እስከ ኾነ ድረስ ደግሞ ማጭበርበር አይቀርም፤ ደካማ ባሩድ ወይም አሸዋ የተሞላ ጥይት ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ እስካልተተኰሰ ድረስ ነውሩ አይታወቅም። ጥይት የሚመርጥ አስተዋይ ሰው ክብደቱን በመዳፉ ይመዝናል፤ በጆሮው አጠገብ ነቅንቆ ባሩዱ መላወሱን ያዳምጣል፤ የቀለሁን አንገት ስንጥቅ፣ በካፕሱሏም ዙሪያ የወስፌ ጭረት ይፈልጋል። ጭረት ካለ ጥይቱ በእጅ የተሞላ ነው።

አሁን ወደ አውሬው እንመለስ። በኢትዮጵያ ያሉት የአሳማ ወገኖች በዋናው ሦስት ናቸው። ከርከሮ በሜዳና በቍጥቋጦ የሚኖር፣ ቀን የሚሰማራ፣ ሌሊት በጕድጓድ የሚያድር፣ ወደ ጕድጓዱም ጥርሱን ወደ ውጭ አድርጎ በኋላው የሚገባ ነው። የዱር አሳማ ጠጕሩ የረዘመ፣ ሌሊት በመንጋ የሚወጣ፣ የሰብል ዋና ጠላት ነው። ሦስተኛው በደቡብ ምዕራብ ደን የሚኖረው ጥቍሩ ታላቅ የደን አሳማ ሲኾን፣ የአውሮፓ ሊቃውንት ያወቁትና ስም የሰጡት ገና በ1904 ዓ.ም. በእነርሱ አቈጣጠር ነው፤ የደኑ ሰዎች ግን ከዚያ በፊት ያውቁት እንደ ነበር የተረጋገጠ ነው።

ዝሆን፣ አንበሳ፣ ጎሽ ወይም አውራሪስ የገደለ ሰው በአገሩ ይፎክራል፤ ግዳዩ ይታይለታል፤ ጠጕሩ በቅቤ ይለሰልሳል። በከርከሮ ግን የሚፎክር የለም። ክርስቲያኑ በኦሪት ዘሌዋውያን ትእዛዝ፣ እስላሙ በቍርአን ትእዛዝ ሥጋውን አይበላም፤ ስለዚህ ሬሳው ለጅብና ለአሞራ ይቀራል። በከፋ ማንጆ የሚባሉት ሰዎች የዱር አሳማ ሥጋ በመብላታቸው በጎረቤቶቻቸው ዘንድ ሲናቁ ኖረዋል፤ ነገር ግን የጎረቤቶቻቸውን ማሳ የሚፈጀውን አውሬ በአደን ከሚቀንሱት መካከል እነርሱ መኾናቸው አይካድም። ንቀቱ ምስጋና የሚገባውን ሥራ ሸፍኖታል።

ነገሩን በገበሬው ሒሳብ ማየት ይገባል። ዝሆን የገደለ ሰው ጥይቱን በጥርሱ ዋጋ ይመልሳል፤ ድኵላ የገደለም ሥጋና ቈዳ ያገኛል። አሳማ የገደለ ሰው የሚያገኘው ገና ያልታጨደ እህል ብቻ ነው። መንጋው ግን በአንድ ሌሊት የበቆሎ ማሳ ሊጥል ይችላል፤ ከሚበላው ይልቅ የሚሰብረው ይበዛል። ስለዚህ ባለጠመንጃው በዝናሩ ውስጥ ኹለት ዓይነት ጥይት እንዲለይ የሚያስገድደው ሒሳብ ነበር። የፋብሪካው ጥይት ለዘመቻ፣ ለነፍስ ጉዳይና ለገበያ ይቆያል። በእጅ የተሞላው ለማሳ ጥበቃ ይወጣል።

ምርጫው የድኽነት ብቻ አልነበረም፤ ለሥራው የሚበቃ ምርጫ ነበር። በማሳው ዳር በተሠራ ማማ ላይ በጨረቃ የሚጠብቅ ሰው ሩቅ አይተኵስም፤ ዐይኑ የሚለየው በሠላሳና በአርባ እርምጃ ነው። የእጅ ባሩድ ደካማ ኾኖ የእርሳሱ ፍጥነት በሩብ ቢቀንስ ጕልበቱ ወደ ግማሽ ግድም ይወርዳል፤ ይህም በኹለት መቶ ሜትር እርሳሱን ከዒላማው በታች ይጥለዋል፤ በአርባ እርምጃ ላይ ግን የሚያመጣው ልዩነት ጥቂት ነው። 25 ግራም የሚመዝን ሰፊ ልስልስ እርሳስ በቀስታም ቢመጣ አጥንት ሰብሮ ያልፋል። የአሳማ ልብ በደረቱ ዝቅ ብሎ ከፊት እግሮቹ መካከል ስለሚገኝ፣ የሚያውቅ ሰው ከመኻል ጐኑ ይልቅ ከፊት እግሩ በላይ ዝቅ አድርጎ ያነጣጥራል። ጥቍር ባሩድ በሌሊት ያለው ጕዳት ሌላ ነው። ነበልባሉ ዐይን ያጨልማል፤ ጢሱ ነፋስ በሌለበት በማማው ፊት ተንጠልጥሎ ይቆያል፤ ስለዚህ ኹለተኛ ተኵስ የለም ማለት ይቻላል። አንድ ጥይት ብቻ እንዳለው የሚያውቅ ሰው የሚመርጠው ኀይለኛውን ሳይኾን የማይከሽፈውን ነው። እንግዲህ የአሳማ ጥይት ሲመረጥ ከባሩዱ ብዛት ይልቅ የካፕሱሏ ታማኝነት ይበልጥ ነበር። ቈስሎ ያመለጠ ወንድ ከርከሮ ጠዋት በደሙ ዱካ ሲከተሉት ሰው ይቀዳልና።

ይህን ሥርዐት የበጠሰው ጢስ የሌለው ባሩድ ነው። አዲሶቹ ጠመንጃዎች አፋቸው ጠባብ፣ ጥይታቸው በመዳብ ወይም በሌላ ብረት የተለበጠ፣ ባሩዳቸውም በአገር የማይሠራ ነበር። ቀለሁ ቢለቀምም የሚሞላበት የለም። ከዚህ የከፋው ግን ኹለቱን መቀላቀል ነው። ከአዲስ ጥይት የወጣውን ባሩድ እንደ ልማዱ በውጅግራ ቀለህ እስከ አንገቱ የሞላ ሰው ጠመንጃውን ቦምብ አድርጎታል፤ ይህ ባሩድ በጥቂት መጠን እጅግ የበለጠ ግፊት ስለሚፈጥር ቀለሁ መስፈሪያ መኾኑ ቀርቶ ወጥመድ ይኾናል። ለጥቍር ባሩድ እውነተኛ የነበረው የአባቶች ዕውቀት ለአዲሱ ባሩድ የተኳሹን እጅና ዐይን የሚያጠፋ ኾነ።

የንግዱም መንገድ እንደዚሁ ተለወጠ። የምድር ባቡሩ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1902 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1917 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ጥይት በቀላሉ የሚገባ መሰለ፤ ነገር ግን የባሕሩን በር የያዙት መንግሥታት በሩን እንደ ፈቃዳቸው ይከፍቱና ይዘጉ ነበር። በነሐሴ 1922 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከኢጣልያ ጋራ የተፈራረመችው የጦር መሣሪያ ውል የመንግሥትን የመግዛት መብት ቢያጸናም፣ በ1927 ዓ.ም. ክረምት ኢጣልያ ለወረራ ስትዘጋጅ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለኹለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከሉ። ይህ እኩል የመሰለ ክልከላ የራሷ ፋብሪካ ያላትን አልጐዳም፤ የጐዳው ጥይቷን ከውጭ የምታስመጣውን ነው። በዚያ ጊዜ በባላገሩ እጅ የነበረው የተለቀመ ቀለህ ምን ያህል ዋጋ እንደ ነበረው ለመገመት አያዳግትም።

የውጅግራ ዕጣ በጥይቱ ዕድሜ ወይም በጕልበቱ ማነስ የመጣ አለመኾኑን ለመረዳት ከእኩያው ጋራ ማነጻጸር ይጠቅማል። የአሜሪካ ሠራዊት ውጅግራ ከመውጣቱ አንድ ዓመት አስቀድሞ፣ በ1873 ዓ.ም. በእነርሱ አቈጣጠር፣ 45-70 የተባለውን ጥይት ተቀበለ። ይህም 26 ግራም ያህል እርሳስና አራት ግራም ተኵል ያህል ጥቍር ባሩድ የሚይዝ፣ ከውጅግራ ጋራ ወንድማማች ሊባል የሚችል ነው። በዚያው ዘመን በምዕራቡ ሜዳ ጎሽ የሚያድኑ ሰዎች ቀለሃቸውን ለቅመው፣ በሰፈራቸው እሳት ዳር እርሳስ እያቀለጡ ሲሞሉ ይኖሩ ነበር። በ1539 ዓ.ም. ኤርናንዶ ደ ሶቶ የተባለው እስፓኛዊ ወደ ፍሎሪዳ ካስገባቸው አሳማዎችና ከእነርሱ በኋላ ከመጡት የተራባው የዱር አሳማ በዛሬው ቀን የደቡብ አሜሪካን ክፍለ አገሮች ገበሬ ያስለቅሳል፤ እርሱን ከሚያድኑት ሰዎችም አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ ያን አሮጌ ጥይት በእጃቸው እየሞሉ ይጠቀማሉ፤ ለቅርብ ተኵስ ከባድና ቀርፋፋ እርሳስ ይመርጣሉና። በሐሳብ ደረጃ በማማ ላይ ከተቀመጠው ኢትዮጵያዊ ገበሬ ጋራ አንድ ናቸው። የተለያዩት በአንድ ነገር ነው፤ በዚያ አገር ካፕሱል፣ አዲስ ቀለህና የተመዘነ ባሩድ ከሱቅ ይገዛል፤ በዚህ አገር ግን የመሙላት ጥበብ የመጣው ሱቅ ስላልነበረ ነው። ስለዚህ የአሜሪካው ጥበብ ወደ መዝናኛ አደገ፤ የኢትዮጵያው ከካፕሱሉ ጋራ ደረቀ።

ከዚያ ወዲህ በገጠር እጅ የተተካው ክላሽንኮቭ ነው። የዚህ ጠመንጃ ቀለህ ብዙውን ጊዜ ከብረት የተሠራና ቀለም የተቀባ ስለ ኾነ እንደ ናስ ተለጥጦ አይመለስም፤ ካፕሱሉም እንደ ውጅግራው ከውስጥ የማይገፋ ነው። ጠመንጃ መያዝም በ2012 ዓ.ም. በወጣው በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 1177 ሥር ኾኗል። በማሳ ዳር የተተኰሰ የብረት ቀለህ በወደቀበት ይዝጋል፤ ጐንበስ ብሎ የሚያነሣው የለም። የናሱ ቀለህ ግን በአንዳንድ ቤት እስከ ዛሬ አለ። አፉ በእንጨት ውታፍ ተዘግቶ፣ ቀጭን ኵል መኳያ ተሰክቶበት፣ የሴቶች የኵል ዕቃ ኾኖ ተቀምጧል።